የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማሩንስ ፉትቦል ቡድን፦ ከ1892 እስከ ዛሬ

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማሩንስ ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ቡድን ነው። ለተጫዋቾቹ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ድሮ ግን የሚፈራ ቡድን ነበር። በ1896 ቢግ ቴን የተባለውን የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሊግ ከመሠረቱት 7 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ 7 ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። እዚህ ላይ ፉትቦል የምንለው ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የስታግ ዘመን (1892–1932)

ዩኒቨርሲቲው በ1892 በሩን ሲከፍት ቡድኑም አብሮት ተወለደ። ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር፣ በዬል ያስተማሩትን አሞስ አሎንዞ ስታግን አሰልጣኝ አድርገው አመጡ። በመጀመሪያው ዓመት ከተጋጣሚዎቹ መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩበት። ሰው ሲያጥር ስታግ ራሱ ማልያ ለብሶ ይገባ ነበር። በ1894 ቡድኑ በባቡር እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በፈረንጆች ገና ዕለት ስታንፎርድን 24 ለ 4 አሸነፈ። የመጀመሪያው ሻምፒዮንነት በ1899 መጣ።

ተጫዋቾች ለምክር ክብ ሠርተው መሰብሰባቸውን፣ ማልያ ላይ ቁጥር መለጠፉን፣ ሌላም ብዙ ነገር የስታግ ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ኮሌጆች ይከራከራሉ። እኛ ለስታግ ብናደላ አይፈረድብንም።

የዘመኑ ቁንጮ 1905 ነው። ኖቬምበር 30፣ በአሜሪካኖች የምስጋና በዓል (ታንክስጊቪንግ) ቀን፣ ሚሺጋን ቺካጎ ገባ። ሚሺጋን ያኔ 56 ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ብቻ 495 ነጥብ አግብቶ አንድም አልተቆጠረበትም። ወደ 27,000 የሚጠጋ ሰው ሜዳውን ሞላው። ጨዋታው ግን ነጥብ አልባ ሆኖ ቆየ። የማሩንሱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ዋልተር ኤከርሶል ኳሷን እየጠለዘ ሚሺጋንን ወደ ገዛ ጎል መስመሩ ይገፋው ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ የኤከርሶል ምት ከመስመሩ ጀርባ ወደቀ። የሚሺጋኑ ዴኒ ክላርክ ኳሷን ይዞ ያለ ቅጣት እዚያው ቁጭ ማለት ይችል ነበር፤ ሮጦ ለመውጣት ሞከረ። ሁለት የማሩንስ ልጆች ይዘው ወደ ኋላ ገፍትረው ጣሉት። ይህ ሴፍቲ ይባላል፤ 2 ነጥብ ያሰጣል። ጨዋታው በዚያው 2 ለ 0 አለቀ፤ የሚሺጋን ጉዞም ተቆረጠ። ጀግናው ኤከርሶል በኋላ ስመ ጥር የስፖርት ጋዜጠኛ ሆነ እንጂ ከዩኒቨርሲቲው አልተመረቀም። 

ከዚያ 1907፣ 1908 እና 1913 የሻምፒዮንነት ዓመታት ናቸው።

በ1922 ማሩንስ ሻምፒዮን ሲሆን አንድ ቁስል ግን አለበት። ፕሪንስተንን በሜዳው 18 ለ 7 ሲመራ ቆይቶ 21 ለ 18 ተረታ። ጨዋታው በስልክ መስመር ኒውዮርክ ደርሶ በሬዲዮ ስለተሰማ፣ ሽንፈቱ የአገር ወሬ ሆነ። በ1924 ከኢሊኖይና ከዝነኛው ተጫዋቹ ሬድ ግሬንጅ ጋር 21 ለ 21 ተለያየ። በዚያ ዓመት በቢግ ቴን 3 አሸንፎ 3 አቻ ወጥቶ ሰባተኛውን ሻምፒዮንነት ወሰደ። የመጨረሻውም ነው።

ቁልቁለቱ (1933–1939)

በ1929 የ30 ዓመቱ ሮበርት ሃቺንስ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነ። ስታግ 70 ሲሞላው ጡረታ ውጣ ተባለ። እምቢኝ ብሎ ካሊፎርኒያ ሄዶ እስከ 1946 አሰለጠነ። በቦታው ክላርክ ሾኔሲ ገባ።

የዚህ ዘመን ብርሃን የማሩንሱ ተጫዋች ጄይ በርዋንገር ነው። በ1934 ሊጥለው የመጣ አንድ የሚሺጋን ተጫዋች ግራ ዓይኑ ሥር ተሰንጥቆ ጠባሳ ቀረለት። ልጁ ጄራልድ ፎርድ ነው፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው። በ1935 ማሩንስ ከ8 ጨዋታ 4ቱን ብቻ ቢያሸንፍም፣ ሄይዝማን የተባለው የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ በርዋንገር ሆነ። በ1936 በታሪክ የመጀመሪያው የኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ቀዳሚ ምርጫም እሱ ነው። በገንዘብ ስላልተስማማ በዚያ ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም። የሄይዝማን ዋንጫውን አክስቱ የበር ማስደገፊያ አድርገውት ነበር ይባላል።

1939 ጉድ ነው። ቤሎይት በሚባል ትንሽ ኮሌጅ 6 ለ 0፣ በሚሺጋን 85 ለ 0፣ በሃርቫርድና በኦሃዮ ስቴት 61 ለ 0። ከ8 ጨዋታ ዋባሽንና ኦበርሊንን ብቻ አሸነፈ። 308 ነጥብ ተቆጥሮበት 37 አገባ። ዲሴምበር ላይ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ፉትቦልን ሰረዘ።

ማን ገደለው? ብዙ ሰው ጣቱን ሃቺንስ ላይ ይቀስራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በተማሪ ብዛትም በምልመላም ጥለውት ሄደው እንደነበር ግን መካድ አይቻልም። አሰልጣኙም ሰነፍ አልነበረም። ሾኔሲ በማግስቱ ዓመት ስታንፎርድን ይዞ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሮዝ ቦውል የተባለውን ትልቅ የኮሌጅ ፍልሚያ በላ።

ከዚያ ወዲህ

ባዶው የቡድኑ ስታዲየም ስታግ ፊልድ ለሌላ ሥራ ዋለ። በዲሴምበር 1942 የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ ቡድን በተመልካች መቀመጫው ሥር የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት አስጀመረ። በ1946 ዩኒቨርሲቲው ከቢግ ቴን ወጣ። ፉትቦል በ1960ዎቹ በክለብ ደረጃ ሲመለስ፣ በ1963 ተማሪዎች ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው መመለሱን ተቃወሙ። በ1969 ይፋዊ ቡድን ሆነ። ከ2017 ጀምሮ የሚወዳደረው ሚድዌስት ኮንፈረንስ በተባለ ሊግ ውስጥ ነው፤ ቤሎይትም እዚያው አለ።