የመክሰስ መብት ምንድን ነው? ለወፍ ዋሻ ዝግባ ማን ይከራከራል?

አንኮበርና ጣርማ በር አካባቢ፣ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለውን የወፍ ዋሻን ደን የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶና አስታ። የመናገሻ ሱባ ጥድ ዘሩ የተወሰደው ከዚህ ነው ይባላል።

እንበልና አንድ ነጋዴ "ፈቃድ አለኝ" ብሎ ዝግባውን እያስጣለ ጣውላ ማስሰንጠቅ ጀመረ። እርስዎ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነዎት። ደኑ የእርስዎ አይደለም፤ ድንበርተኛም አይደሉም። አንጀትዎ ግን አረረ። ፍርድ ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የሚነሳው የዛፉ ነገር አይደለም። "እርስዎን ምን አገባዎት?" ነው።

የመክሰስ መብት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም ይላል። በሬው የተሰረቀበት ይከሳል፤ ጎረቤቱ ቢበዛ ምስክር ይሆናል። ደን ሲሆን ግን ባለበሬው ማን ነው?

አሜሪካኖች በዚህ ብዙ ተሟግተዋል። (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) በ1972 ሴራ ክለብ የተባለው ማኅበር በካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ሊሠራ የታሰበን የበረዶ መንሸራተቻ ተቃውሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ተፈጥሮን መውደድ ብቻ አይበቃም፣ አባሎቻችሁ ራሳቸው የሚጎዱ መሆናቸውን አሳዩ አለ። ዳኛ ዳግላስ በልዩነት ሐሳባቸው ዛፍና ወንዝ በስማቸው ይከሰስላቸው እስከማለት ሄዱ። ማኅበራቱ ትምህርቱን ያዙ። በ1990 ጥቅጥቅ ባለ አሮጌ ደን የምትኖር አንዲት ጉጉት በሕግ ጥበቃ ሥር ገባች። በ1991 ደግሞ የሲያትሉ ዳኛ ዊሊያም ድዋየር በጉጉቷ መኖሪያ የመንግሥት እንጨት እንዳይሸጥ አገዱ። እንጨት ቆራጮቹ እንጀራችን ተነካ ብለው ተቆጡ፤ እውነት አላቸው፣ ሥራቸው ነው። ልብ ይበሉ፣ የተከሰሰው እንጨት ነጋዴው ሳይሆን ሽያጩን የፈቀደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር።

በእኛ አገር በሩ ሰፊ ነው፤ በወረቀት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው "የኔ ጥቅም ተነካ" ሳይል በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አዋጁ ለብክለት የወጣ ነው። አንቀጹ ግን "ጉዳት" ስለሚል ደንንም ይጨምራል ብሎ መከራከር ይቻላል።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ትልቅ ዝግባ በመጋዝ በግማሽ ቀን ይወድቃል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 እግድ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም ክስ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ማንን መክሰስ? አፓፕ የተባለ ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር። ተከሳሹ እሱ አይደለም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። ይህ ከአሜሪካኑ መንገድ ተቃራኒ ነው። እኔ ባልስማማበትም፣ አቤቱታዎ ላይ የሚያስቆርጠውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ። ቅጂው ላይም ማኅተም ያስመቱ፤ 30ውን ቀን ለመቁጠር ያስፈልግዎታል።