የጥንድ ሰዓት ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ «የጥንድ ሰዓት» የሚል ወረቀት አየሁ። በአንድ ሳጥን ሁለት ወርቅማ ሰዓት፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። አልፌ ሄድኩ። ማታ ደግሞ አንዱ ስለ ሰዓት የሚያስረዳ ልጅ «የሴቷ ማለት የወንዱ ትንሹ ነው» ሲል ሰማሁ። ይሄን አባባል ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። በቃ፣ ልጻፈው።

የሐበሻ ልብስ አስቡ። ባልና ሚስት ለሰርግ ሽሮ ሜዳ ሄደው አንድ ዓይነት ጥለት ያዛሉ። በእሷ ቀሚስ ላይ ጥለቱ ከደረት እስከ እግር ይወርዳል፤ በእሱ ሸሚዝ ላይ አንገቱና እጅጌው ላይ ብቻ ቀጠን ብሎ ይታያል። የእሱን ሸሚዝ የእሷ ቀሚስ ትንሹ ነው የሚል ሰው አለ? የለም። የሸማኔው እጅ አንድ፣ ጥለቱ አንድ፣ ልብሱ ግን የየራሳቸው ነው። የጥንድ ሰዓትም ይኸው ነው። የፈረንሳዩን ሰዓት ሠሪ የካርቲየርን «ታንክ» የሚባል ሰዓት ውሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተነደፈውን። ጥለቱ በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለት ዘንጎች፣ የሮማ ቁጥሮቹና መሙያው (በጎን ያለችው የምትዞረው ቁልፍ) ላይ ያለችው ሰማያዊ ድንጋይ ናቸው። እሱ ትልቁን በቡኒ ቀበቶ፣ እሷ ትንሹን በጥቁር ብታስር ጥንድነቱ ከሩቅ ይታወቃል።

ደግሞ «ትንሽ» ሲባል እንደ ቅናሽ የሚቆጠረው ነገር ያናድደኛል። የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው የመጀመሪያው ካላትራቫ የተባለው ሰዓት ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። የወንድ ሰዓት ነው! ዛሬ ያንኑ ልክ ብታሳየው ሻጩ ወደ ሴቶቹ መደርደሪያ ይመራሃል። ሌላው የስዊዝ ሰዓት ሠሪ ዣገር ለኩልትር እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው 101 የሚባለው የሰዓት ውስጥ ማሽን ደግሞ ክብደቱ 1 ግራም አካባቢ ነው። ያንን መገጣጠም ከትልቁ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ስለዚህ ወንድ ሴት ማለቱን ትታችሁ እጅ ላይ አድርጉትና እዩ። የቀበቶው መያዣ ጫፎች ከእጅ አንጓ ውጭ ከተንጠለጠሉ በዝቷል።

ዋናው ጉዳይ ግን ውስጡ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓት የሚሰበስቡ ባልና ሚስት ለጋብቻቸው በዓል የገዙትን ጥንድ ይዘው ሰዓት ወደምጠግንበት መጡ። «ጋሼ፣ የእኔ ለምን ድምፅ የለውም?» አለችኝ። ሁለቱንም ከፈትኳቸው። የእሱ በሰከንድ 8 ጊዜ የሚመታ አውቶማቲክ ማሽን ነው። የእሷ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የባትሪ ማሽን ሆና፣ የቀረውን ባዶ ቦታ ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት ሞልቶታል። ዋጋቸው እኩል ነበር። ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ቀለበቱን አየችው።

ባትሪ ነውር አይደለም። ካርቲየርም በባትሪ የሚሠሩ ታንኮች ይሸጣል፣ በግልጽ ጽፎ። ነገር ግን ጥለቱን አንድ አድርጎ የአንዱን በእጅ ፈትል፣ የሌላውን በፋብሪካ ክር ሠርቶ እኩል ማስከፈል ማታለል ነው። ጥንድ ስትገዙ «ጀርባውን ክፈቱልኝ» በሉ፤ ካልሆነም የሁለቱን ማሽን ስም በጽሑፍ ጠይቁ።

ሳልጠየቅ ልጨምር። የባትሪውን ሰዓት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁ ባትሪው ካለቀ ቶሎ አስወጡት፣ ፈሶ ማሽኑን ይበላዋል። «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ እጅ ስትታጠቡ ለሚፈናጠቅ ውሃ እንጂ ለመዋኛ አይደለም።

የቀን መቁጠሪያ መስኮት ያለውን ጥንድ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው አልመክርም። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። እሱ በፈረንጅ ሰዓት፣ እሷ በሐበሻ ሰዓት ከሞሉ፣ የእሱ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል፣ የእሷ ንጋት 12 ሰዓት ላይ። ዙሩን ከሳተችው ደግሞ ምሽት 12 ላይ ይሆናል። ያንን ላስተካክል ብላችሁ አጭሩ ቆጣሪ ከ9 እስከ 3 ባለው ቦታ ላይ እያለ ቀኑን በመሙያው ከገፋችሁት ቀን የሚቀይረው ጥርስ እንዳይሰበር ያሰጋል። እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ ሰዓቶች ጠግኛለሁ፤ ለአንዳንዶቹ ጥርሱን ከውጭ አገር ማስመጣት ነበረብኝ።