«ለበጎ ሥራ አይደል?» ሲሉኝ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ሠዓሊ መሆኔን የሰማ ሁሉ «ለበጎ ሥራ» ብሎ ይደውልልኛል። ብዙውን ጊዜ እሺ እላለሁ። አብሮ የሚመጣው አስተሳሰብ ግን አንዳንዴ ያደክማል፤ ደጋግሜ የምሰማቸው እነዚህ ናቸው።

«ብሩሽህን ይዘህ ና፣ ሌላ ወጪ የለውም።» ይህን ያሉኝ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ደግ አዛውንት ናቸው። ሄጄ ሳየው ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ እርጥበት ስቧል፤ ልስኑ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እዚያ ላይ ቢሳል አንድ ክረምት አይሻገርም። መፋቅ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ እንደገና መለሰን፣ የውጭ ቀለም ሁለት እጅ መቀባት፤ ሥዕሉ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመወጣጫው አጣና ኪራይ አለ፣ ቀለሙን ከመርካቶ ማምጣት አለ። ዝርዝሩን ጽፌ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ቀለም እንዲህ ሆኗል እንዴ?» አሉኝ። ቅር ቢላቸውም ከወላጆች አሰባስበው አሟሉ። ከዚያ ወዲህ እጄን በነፃ እሰጣለሁ፤ ዕቃውን ጠሪው ይችላል።

«ካላስለቀሰ ሰው አይረዳም።» የ1977ቱ ረሃብ ምስሎች ዓለምን መቀስቀሳቸው አይካድም፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት የመጣው ከዚያ ነው። ያ ምስል ግን ስንት ዓመት ተለጥፎብን ቀረ! የትምህርት ቤቱን ልጆች ምን ልሳልላችሁ ብላቸው የተራበ ልጅ ያለኝ የለም። ጀሪካን የጫነች አህያ፣ ኳስ፣ ባጃጅ አሉኝ። የባጃጁን ታርጋ በክፍላቸው ቁጥር ሞላሁት።

«ለዓላማ የተሠራ ፖስተር እንጂ ጥበብ አይደለም።» ይህን የምንለው በአብዛኛው እኛው ሠዓሊዎቹ ነን። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ሙሉ ስለ አፍሪካ ነፃነት ይናገራል። ፖስተር ነው ያለውን ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

«የሽያጩ ገንዘብ በሙሉ ለተረጂው ነው።» ሥዕል ለእርዳታ ሲሸጥ እንዲህ ይባላል፤ ግን ፍሬም ሠሪውም፣ አዳራሹም ይከፈላቸዋል። ከመቶ ስንቱ ለማን እንደሚሄድ ሥዕሉ ሥር ተለጥፎ ባየሁበት ጨረታ ገዢ ሲያንገራግር አላየሁም።

«አንዴ ከተሳለ አለቀ።» ክረምቱ እንዳለፈ ሄጄ ነበር። ባጃጁ ጭቃ ቢረጭበትም ደህና ነው፤ ኳሱ ግን የልጆቹ ጎል ሆኖ በእውነተኛ ኳስ ተደብድቦ ሊጠፋ ደርሷል። ለጥቅምት ቀጠሮ ይዘናል፤ ቀለሙ በኮሚቴው ነው።