ከ«ረቂቁ ሊቅ» እስከ «ደነዝ»

ቢላ ሲዶለዱም «ደነዘ» ይባላል። ትምህርት አልገባ ያለውንም ሰው «ደነዝ» እንለዋለን። እንግሊዞችም እንደኛው ናቸው። «ደል» የሚሉት ቃል ለማይቆርጥ ቢላም ለፈዛዛ ሰውም ያገለግላል። ለፈዛዛው ግን ሌላ ስድብ አላቸው፦ «ደንስ»። ከኛው «ደነዝ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ስለተቀራረበ ዘመድ እንዳታደርጉት። ግጥምጥሞሽ ነው። ደንስ የሰው ስም ነበር፣ ያውም የሊቅ።

ሰውየው ጆን ደንስ ስኮተስ ይባላል። በ1266 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስኮትላንድ ተወለደ። ደንስ የትውልድ ከተማው ስም ነው። የፍራንሲስካን መነኩሴ ሆኖ ኦክስፎርድና ፓሪስ አስተማረ። ሐሳብን ከሐሳብ ሲለይ በጣም ከማጥራቱ የተነሣ «ረቂቁ ሊቅ» ተባለ። ስሙ ስድብ መሆኑ፣ እኛ ዘንድ የታወቀ የቅኔ መምህር ስም «ደደብ» ማለት እንደመሆን ያህል ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ የትምህርት ነፋስ መጣ። ግሪክኛና ዕብራይስጥ እንማር፣ መጻሕፍቱን ከምንጫቸው እናንብብ የሚሉ ተነሡ። የስኮተስ ተከታዮች ግን ከመምህራችን ንቅንቅ አንልም አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው «ደንሶች» እያሉ ያላግጡባቸው ጀመር። ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው በማይረባ ነገር ለሚነታረክ ሙግተኛ ነበር። ቆይቶ ጭራሽ ምንም የማይገባው ሰው ማለት ሆነ። ስም የሚያወጣው መቼስ ያሸነፈው ወገን ነው።

በጣም የገረመኝ የ1535ቱ ታሪክ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መልእክተኛ ሪቻርድ ሌይተን ኦክስፎርድን ሊመረምር ሄደ። የደንስን ትምህርት ከዚያ ለዘላለም እንዳባረረው ለንጉሡ ዋና ሹም ለቶማስ ክሮምዌል በደስታ ጻፈ። ከኦክስፎርድ ኮሌጆች አንዱ ወደሆነው ኒው ኮሌጅ ሲመለስ ግቢው ከደንስ መጻሕፍት በተቀደዱ ገጾች ተሞልቶ፣ ነፋስ ወደየጥጋጥጉ ሲበትናቸው አየ። አንድ ጨዋ ሰው ደግሞ ይለቅማቸው ነበር። ለማንበብ እንዳይመስላችሁ! በአደን ጊዜ አጋዘኖች ከጫካው እንዳይወጡ ማስፈራሪያ ሊያደርጋቸው ነው።

በኋላ ዘመን ስሙ ወደ ክፍል ገባ። ትምህርት ያልያዘለት ልጅ ሾጣጣ የወረቀት ቆብ ደፍቶ ጥግ ይቆም ነበር። ቆቡም «የደንስ ቆብ» ይባላል። ቅጣቱ ልጁን ይበልጥ ከማደንዘዝ ሌላ ምን እንደፈየደ እንጃ።

ሮም ስሙን አድሳለታለች። በ1993 ጳጳስ ጆን ፖል 2ኛ ብፁዕ ብለው አወጁት። እሱ ራሱ በ1308 በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሞቶ የተቀበረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ ነው። መቃብሩ ላይ በላቲን እንዲህ ተጽፏል፦ «ስኮትላንድ ወለደችኝ፣ እንግሊዝ ተቀበለችኝ፣ ፈረንሳይ አስተማረችኝ፣ ኮሎኝ ይዛኛለች።»