ሌሊት የሚጮኸው አላርም፦ የምናምነውና እውነታው

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ቪትዝ መኪና ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳችን። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን አላርሟ ይጮኻል። ባለቤቱ በመስኮት ሪሞቱን ይጫናል፣ ዝም ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጀምራለች። በመጨረሻ ሰውዬው ሽቦውን አስቆርጦ ተገላገለ። እኔ ግን አዘንኩ። እንዲህ ያለ ችግር ብዙ ጊዜ በትዕግሥት ከፈለጉት ይገኛል።

«ዝም ብሎ የሚጮህ አላርም ተበላሽቷል፣ ይቀየር»

የአላርሙ ዋና ሳጥን ራሱ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው። በሮቹና ኮፈኑ ላይ ካሉ ስዊቾችና ከሴንሰሮች መልእክት ይቀበላል። እሱ የነገሩትን ያምናል፤ «በር ተከፈተ» ካሉት ይጮኻል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት የነገረው ማን እንደሆነ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኮፈን ስዊቿን ነው። ኮፈኑ ሲዘጋ ተጭኗት የሚቀመጥ ትንሽ ቁልፍ ናት። ያለችበት ቦታ ውሃና ጭቃ አያጣውም፤ ስለዚህ ትዝጋለች። እርጥበት ሲገባባት ኮፈኑ ተዘግቶ ሳለ «ተከፍቷል» ትላለች። መኪናው በታጠበ ወይም ዝናብ በዘነበ ማታ ጩኸቱ ከባሰ፣ እሷን ይያዙ። ሶኬቷን ነቅለው አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ጩኸቱ ከቆመ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ካልቆመ መልሰው ይሰኩና ወደ በሮቹ ስዊች ይለፉ። እባክዎ አንድ በአንድ ይሁን! ሁለቱን ባንዴ ከነቀሉ የትኛው እንደነበር አያውቁም።

ይህ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በኋላ በተገጠመ አላርም ላይ ነው። ከፋብሪካ ጋር በመጣው ላይ ግን ሶኬት መንቀሉ ራሱ «ኮፈን ተከፈተ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

«የንዝረት ሴንሰሩ በጣም ንቁ ሲሆን መኪናው ይበልጥ ይጠበቃል»

በጣም ንቁ የሆነ ሴንሰር ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። ጎረቤትም ጥበቃም ይለምደዋል። እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ላይ ማስተካከያ ብሎን አለች፤ በካቻቪቴ በትንሽ በትንሹ ያዙሯት። ከዚያ አላርሙን አብርተው ትንሽ ይጠብቁና በመዳፍዎ የበሩን ምሰሶ መታ ያድርጉ። ቀላል ምት ላይ ዝም ብሎ፣ ጠንከር ሲል ከጮኸ በቂ ነው። አያያዙንም ይዩ። ዳሽቦርድ ሥር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሴንሰር ምንም ቢያስተካክሉት አይረጋም።

«ሞተር ካስነሳ ባትሪው ደህና ነው»

ይህኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ያደረ ባትሪ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። ወደ 12.0 ከወረደ ሊያልቅ ነው። አንዳንድ አላርሞች የቮልቴጅ ድንገተኛ መውረድን በር ተከፍቶ የውስጥ መብራት እንደበራ አድርገው ያነቡታል። የራሱ ውስጣዊ ባትሪ ያለው ሳይረንም (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) አለ። ያ ባትሪ ሲያረጅ ያለ ምንም ነኪ ሊጮህ ይችላል። የመኪናውን ባትሪ ቢፈቱም ዝም አይልም።

«ኮምፒውተር ላይ ቢታይ ጥፋቱን ይናገራል»

በኋላ የተገጠመ አላርም አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ የመመርመሪያ ማሽኑ ስለ አላርሙ ምንም አያሳይም። ይልቅ ከጩኸቱ በኋላ አላርሙን ሲያጠፉ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ይቁጠሩ። በብዙ ሞዴሎች የብልጭታው ቁጥር የቱ ሴንሰር እንደቀሰቀሰ ይናገራል። ትርጉሙ ከአላርሙ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ነው።

«ሽቦውን መቁረጥ መፍትሔ ነው»

የቪትዟ ባለቤት በማግስቱ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጸጥ አለ። የአላርሙ ገጣሚ የሞተሪኖውን መስመር በአላርሙ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል አሳልፎት ኖሯል፤ እሱም አብሮ ተቆርጧል። መስመሩን ፈልጎ ለማገናኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። የኮፈን ስዊቿ ያኔ ስትታይ ዝጋ ተገኘች።