የጉያና ሥነ ጽሑፍ፦ መንፈስና ማንነት በልቦለድና በግጥም

ጉያና ከደቡብ አሜሪካ ነጻ አገሮች እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነባት ብቸኛዋ ናት። ሕዝቧ ግን ከብዙ ወገን የተሰባሰበ ነው፦ ዘጠኝ ነባር ሕዝቦች፣ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን፣ ከ1838 እስከ 1917 (እ.ኤ.አ.) ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት የመጡ ከ200 ሺህ በላይ ሕንዳውያን፣ ፖርቹጋሎችና ቻይናውያን። የጉያና ደራሲ ስለ ዘሩ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ሙታንን ማናገሩ አይቀርም።

ኮምፋ የተባለው እምነት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል፣ መንፈስ በሰው ላይ ይወርዳል። መንፈሱ ዘር አለው፦ አፍሪካዊ፣ ሕንዳዊ፣ ቻይናዊ፣ ነባር፣ ስፔናዊ፣ እንግሊዛዊ ወይም ደች ሊሆን ይችላል፤ ምግቡና መጠጡም እንደ ዘሩ ይለያያል። የዛርን ነገር የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ብዙም ባዕድነት አይሰማውም። የባሪያ አሳዳሪውና የባሪያው መንፈስ በአንድ ሥርዓት መስተናገዳቸው ለደራሲ የማይነጥፍ ምንጭ ነው።

መሠረቱን የጣሉት ቀደምቶቹ ናቸው። ኤድጋር ሚትልሆልዘር በ1955 ባሳተመው ልቦለድ አንድ የደች ባለርስት የተወው ጽሑፍ የነካውን ሁሉ የዋሽንት ድምፅ ያሰማዋል። የመሬት ቀያሽ የነበረው ዊልሰን ሃሪስ በ1960 ባወጣው ልቦለድ ታንኳ ቀዛፊዎችን ወደ ወንዝ ምንጭ ላከ፤ ስማቸው ቀደም ሲል ሰጥመው ከሞቱት ቀዛፊዎች ስም ጋር አንድ ነው። ፖሊን ሜልቪል በ1997 ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የዋፒሻናን ቤተሰብ ታሪክ ከፀሐይ ግርዶሽ ተረት ጋር አጣመረች።

በግጥም በኩል የተረቷ ደም መጣጭ ኦል ሃይግ የማትረሳ ናት። ቀን ተራ አሮጊት ነች፤ ሌሊት ቆዳዋን አውልቃ በእሳት ኳስ አምሳል ትበርና የሕፃን ደም ትመጥጣለች። መድኃኒቱ ደጃፍ ላይ ሩዝ መበተን ነው፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ሳትቆጥር ማለፍ ስለማትችል ይነጋባታል። ማርክ ማክዋት በግጥሙ አፍ ሰጥቷት ስለ ሥራዋ አድካሚነት ታጉረመርማለች፤ ከብዙ የማስፈራሪያ ተረት ይህ ይበልጣል።

ከአዲሶቹ ደራሲያን ኢማም ባክሽ የሸረሪት አማልክትን በ2016 ወደ ወጣቶች ልቦለድ አመጣ። ወላጆቹ ጉያናውያን የሆኑት ገጣሚ ራጂቭ ሞሃቢር እንግሊዝኛን፣ ክሪዮሊዝን (የጉያናን ክሪዮል ቋንቋ) እና ከሕንድ የመጣውን ቦጅፑሪ ቋንቋ በአንድ ግጥም ያዋህዳል፤ የኮንትራት ሠራተኛው ላልቢሃሪ ሻርማ በ1916 ያሳተማቸውን የሆሊ (የሂንዱ የጸደይ በዓል) ዘፈኖችም ተርጉሞ በ2019 አውጥቷል።

ትርጉም የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። «ጃምቢ» የሟች መንፈስ ነው፤ «ሰይጣን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ዘመድን ጠላት ያደርጋል። ክሪዮሊዝም የተሰባበረ እንግሊዝኛ አይደለም፦ «ሚ ቢን ጎ» ሲባል «ቢን» ያለፈ ጊዜን ያመለክታል፤ ሐረጉ «ሄጄ ነበር» ማለት ነው። ይህን እንደ ስህተት አርሞ የሚያትም አርታዒ የተናጋሪዋን መንደርና ትውልድ ያጠፋል።

የጉያና የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በ1987 በፕሬዚዳንት ዴዝሞንድ ሆይት ዘመን ተቋቁሞ፣ ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ በ2022 ዳግም ተጀምሯል። መጻሕፍቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታተሙት ውጭ አገር ነው፤ ከ1985 ጀምሮ የካሪቢያን ሥራዎችን የሚያወጣው ፒፓል ትሪ ማተሚያ እንኳ የሚገኘው በእንግሊዟ ሊድስ ነው።