ፎርሃንድ ሉፕ፦ ምቱና የእግር ሥራው

በጠረጴዛ ቴኒስ ፎርሃንድ ሉፕ ማለት ራኬት በያዘው እጅ በኩል (በፎርሃንድ) ኳሷን ከታች ወደ ላይና ወደ ፊት በራኬቱ ላስቲክ ጠርጎ፣ ብዙ ሽክርክሪት ሰጥቶ መላክ ነው። ዛሬ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ አጥቂዎች ነጥባቸውን በአብዛኛው የሚገነቡት በዚህ ምት ነው። ስለ ሉፕ ሲወራ ወሬው ሁሉ ክንድ ላይ ያተኩራል። ክንዱ የሚታየው ክፍል ስለሆነ ነው። ምቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ራኬቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ እግር ላይ ነው።

ምቱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ በወፍራም ስፖንጅ በተለበጠ ራኬት ተጫውቶ የወንዶች ነጠላ ሻምፒዮን ሆነ። ነገሩ ጨዋታውን አናወጠው። በ1959 ደንቡ የላስቲክና የስፖንጁ ድምር ውፍረት ከ4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ገደበ። ስፖንጅ ላይ የተለጠፈ ለስላሳ ላስቲክ ኳሷን ለአፍታ ያዝ አድርጎ ማሽከርከር ይችላል። ይህን የተረዱት ጃፓኖች በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ሉፕን ይዘው ብቅ አሉ። ከዚያ አውሮፓውያን ተቀበሉት። የሃንጋሪ ቡድን በ1979 ፒዮንግያንግ ላይ ቻይናን አሸንፎ የዓለም የቡድን ዋንጫን ሲወስድ፣ ዋና መሣሪያው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ የሚመታ ኃይለኛ ሉፕ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመት አለው፤ መረቡ 15.25 ሴንቲሜትር ከፍታ። ሽክርክሪት የሌላት ኳስ በኃይል ስትመታ የምታልፍበት መንገድ ጠባብ ነው። ትንሽ ዝቅ ካለች መረብ ትነካለች፤ ትንሽ ከፍ ካለች ከጠረጴዛው ውጪ ትወድቃለች። ወደ ፊት የምትሽከረከር ኳስ ግን በዙሪያዋ ያለውን አየር ወደ ላይ ትገፋለች፤ አየሩም በአጸፋው እሷን ወደ ታች ይጫናታል። ስለዚህ ከመረቡ በላይ በደህና ርቀት አልፋ ጠረጴዛው ላይ ትታጠፋለች። ነጥራ ስትነሳ ደግሞ ወደ ፊት ትፈተለካለች። ተቃራኒው ራኬቱን ከላይ ሸፈን ካላደረገ ኳሷ ሽቅብ ትወረወርበታለች። ሉፕ ኃይልንም ደህንነትንም አንድ ላይ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ የሆነ ሰው ገልብጦ ያንብበው። እግሮች ከትከሻ ስፋት በለጥ ብለው ይከፈታሉ። ቀኝ እግር ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ጉልበት ዝቅ፣ ክብደት በእግር ፊተኛው ክፍል ላይ። የምቱ ዝግጅት የሚጀምረው ከወገብ ነው፦ ዳሌው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ክብደቱ በቀኝ እግር ላይ ያርፋል፣ ራኬቱም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። እጅን ብቻውን ከጀርባ ወዲያ መጎተት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። እንዲህ የሄደ ክንድ በጊዜው አይመለስም።

ወደ ፊት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቀኝ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ የክንዱ የታችኛው ክፍል፣ በመጨረሻ የእጅ አንጓ። ጅራፍ እንደሚጮህ ነው፤ ፍጥነቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየጨመረ ይሄዳል። ኳሷ የምትነካው ከሰውነት ፊት ለፊትና ወደ ቀኝ በኩል፣ ነጥራ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ወይም መውረድ ስትጀምር ነው። ራኬቱ ግንባር አካባቢ ያበቃል፤ ክብደቱም ወደ ግራ እግር ተሻግሯል። ራኬቱ ጥብቅ ተደርጎ ሲያዝ አንጓው ይደርቃል። እስከ ንክኪው ድረስ ላላ አድርጎ መያዝ ይሻላል። የተረሳው የግራ እጅም ሥራ አለው። ተንጠልጥሎ ከቀረ ሰውነቱ ሚዛኑን ያጣል፤ ከወገቡ ጋር አብሮ መዞር አለበት።

ንክኪው ራሱ የጥበቡ ልብ ነው። ላስቲኩ የኳሷን ጫፍ ብቻ ከጠረገ ሽክርክሪቱ ይበዛል፣ ፍጥነቱ ያንሳል። ኳሷ ስፖንጁ ውስጥ ጠለቅ ካለች ፍጥነቱ ይጨምራል። ጥሩ ተጫዋች በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሁለቱንም መላክ ይችላል፤ ተቃራኒው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

የመጣችው ኳስ ዓይነትም ምቱን ይለውጠዋል። ተቃራኒው ከታች ቆርጦ የላካት፣ ወደ ኋላ የምትሽከረከር ኳስ ላስቲክ ስትነካ ወደ ታች ትሄዳለች። እሷን ለማንሳት ራኬቱ ከጉልበት አካባቢ መጀመርና ፊቱን ገለጥ አድርጎ ሽቅብ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራኬቱን ዝቅ ያደርግና ጉልበቱን ግን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። ያኔ የሚያነሳው ክንዱ ብቻ ነው፤ ኳሷም መረብ ውስጥ ትቀራለች። ጉልበቱ ከታጠፈ ግን ግማሹን ሥራ እግር ይሠራዋል። በብሎክ፣ ማለትም ራኬት ብቻ ተደግኖባት ለተመለሰች ኳስ ነገሩ ሌላ ነው። እሷ ሽክርክሪቱን ይዛ ስለምትመጣ ራኬቱ ይሸፈናል፣ ዝግጅቱ ያጥራል፣ ምቱ ከሽቅብ ይልቅ ወደ ፊት ያደላል። ከባዱ ፈተና አንዱን ከሌላው ቀጥሎ መምታት ነው። የተቆረጠችውን አንስቶ ብሎኩ ሲመለስለት፣ ሁለተኛዋንም እንደ መጀመሪያዋ ሽቅብ መትቶ ከጠረጴዛው ውጪ የሚልክ ተጫዋች በየአዳራሹ አለ።

አሁን ወደ እግር እንምጣ። የጠረጴዛው ስፋት 1.525 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የእግር ሥራ ሩጫ አይደለም። ዓላማው ኳሷ የትም ብትመጣ ከሰውነቱ ተመሳሳይ ርቀት ላይ እንድትገኝ ማድረግ ነው። ይህ ሲሳካ ተጫዋቹ አንድ ሉፕ ብቻ ይበቃዋል። ሳይሳካ ሲቀር ለእያንዳንዷ ኳስ አዲስ ምት መፍጠር ይኖርበታል፤ እጁን ይዘረጋል፣ ወገቡን ያጣምማል፣ ከዚያ ላስቲኩን ይወቅሳል።

ተቃራኒው ኳሷን ሊነካ ሲል ትንሽ እምር ማለት ሁለቱንም እግር ያነቃል። ቅርብ ለሆነች ኳስ አንድ እርምጃ ይበቃል። ዋነኛው እንቅስቃሴ ግን የጎን ሽርተታ ነው፦ ሁለቱ እግሮች ሳይጠላለፉ፣ ስፋታቸውን ጠብቀው፣ መሬቱን እምብዛም ሳይለቁ ወደ ጎን ይሄዳሉ። ወደ ፎርሃንድ ማዕዘን በጣም የራቀች ኳስ ስትመጣ ግራ እግር በቀኙ ፊት ተሻግሮ ያርፋል፤ ምቱም ከመሻገሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ይህ እርምጃ ሩቅ ያደርሳል፣ መመለሻው ግን ውድ ነው። ሽርተታ ከደረሰ መሻገር አያስፈልግም።

ከባክሃንድ ማዕዘን፣ ማለትም በእጅ ጀርባ በኩል ከሚመታበት የግራ ጎን፣ ዞሮ በፎርሃንድ መምታት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በ2004 አቴንስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ደቡብ ኮሪያዊው ርዩ ሰንግ ሚን ጨዋታውን ሁሉ በዚህ ላይ ገንብቶት ነበር። ራኬቱን እንደ እስክሪብቶ ይዞ፣ ጠረጴዛውን ከሞላ ጎደል በፎርሃንዱ ብቻ ይሸፍን ነበር። ያየው ሰው ሉፕ በእግር እንደሚመታ አይጠራጠርም። በ2016 እና በቶኪዮው ኦሎምፒክ በተከታታይ ያሸነፈው ቻይናዊው ማ ሎንግም ኃይሉን ያወጣ የነበረው ከዳሌና ከእግር ነው። የዞረ ተጫዋች የሚሠራው ስህተት በቂ አለመዞር ነው። ኳሷ ሆዱ ላይ ትመጣበትና ክንዱ ቦታ ያጣል።

ከሁሉ የምትከብደው ግን ወደ ክርን የምትመጣው ኳስ ናት። ፎርሃንድ ናት ወይስ ባክሃንድ? መወሰኑ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ዕቃው የራሱ ድርሻ አለው፤ የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም። ሙጫማ ገጽ ያላቸው የቻይና ላስቲኮች ረጅምና ኃይለኛ እንቅስቃሴ ለሚያደርግ ሰው ብዙ ሽክርክሪት ይሰጣሉ። የጃፓንና የአውሮፓ ላስቲኮች ራሳቸው ወርወር ስለሚያደርጉ አጠር ያለ ምት ይበቃቸዋል። ኳሷ በ2000 ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር አደገች፤ ከ2014 ጀምሮ ሴሉሎይዱ በሌላ ፕላስቲክ ተተካ። ሁለቱም ለውጦች ሽክርክሪቱን ቀነሱት፤ የሰውነት ኃይል ይበልጥ ዋጋ አገኘ።

ልምምዱ ከኳስ ውጪ ቢጀመር ጥሩ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ሽርተታውንና የወገቡን ዙር መደጋገም አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ከዚያ ኳሷን በሁለት ቦታ ብቻ እያፈራረቁ መምታት ይቀጥላል። በስዊድኗ ከተማ ፋልከንበርግ ስም የሚጠራው ልምምድ ሦስቱን ዋና እንቅስቃሴዎች ያገናኛል፦ ከባክሃንድ ማዕዘን አንድ ባክሃንድ፣ እዚያው ዞሮ አንድ ፎርሃንድ፣ ከዚያ ወደ ሩቁ የፎርሃንድ ጎን ተሸጋግሮ ሌላ ፎርሃንድ። ጀማሪዎች ይህን በሙሉ ፍጥነት ሲጀምሩት ሦስተኛዋ ኳስ ላይ እግራቸው ይቆማል። ቀስ ብሎ፣ በለስላሳ ምት መጀመር ይሻላል። አሠልጣኙ ብዙ ኳስ ከቅርጫት እያወጣ ሲመግብም ተጫዋቹ ወደ መነሻ አቋሙ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ መመለስን የሚዘል እግር እያሠለጠነ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተለመደ በኋላ አንዷን ኳስ ባልታሰበ ቦታ መላክ ይጀመራል። በውድድር ላይ ቀድሞ የታወቀ አቅጣጫ የለምና።